ካየም ካላየም ጋር

በመሥሪያ ቤታችን አንዲት ልጅ አለች። ምሳ ላይ ስለ ፊልም ወሬ ሲጀመር ሹካዋን አስቀምጣ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ትደፍናለች። «አላየሁትም፣ አትንገሩኝ» ትላለች። ትናንት ለወጣ ፊልም ቢሆን ይገባኛል፤ እሷ ግን እናቷ ሳትወለድ ለተሠራ ፊልምም ጆሮዋን ትደፍናለች። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰበብ ክርክር ተነሥቶ ምሳው ቀዘቀዘ። አንዱ «ከወጣ ወር ካለፈው ማውራት ይቻላል» አለ። ሌላዋ «ማን እንደሚሞት ካልተናገርን ሌላው ምን ይጎዳል?» አለች። ሦስተኛው ደግሞ «መጨረሻው ያስደነግጣል ብቻ ማለትስ?» ብሎ ነገሩን አወሳሰበው። በመጨረሻ ዕድሜዬን አይተው ነው መሰለኝ ወደ እኔ ዞረው «እስቲ አንቺ ፍረጂን» አሉኝ።

ሳያውቁት ትክክለኛው ዳኛ ዘንድ መጥተዋል። እኔ ያደግሁት ለዚህ ጉዳይ ሕግ በወጣለት ቤት ነው። ሕጉ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር። ሕግ አውጪው አባቴ ነው፤ ሕግ አስከባሪዋ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እኔው ነበርኩ። የምሳ ሰዓቱ ስላለቀ አልነገርኳቸውም። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ፤ መጨረሻውንም ከአሁኑ ልንገራችሁና ይውጣልኝ፤ አባዬ ቋንቋውን አያውቅም ነበር። ጆሮውን ሊይዝ ያሰበ ካለ ዘግይቷል።

አባዬ የፊልም ተርጓሚ ነበር። በዚያ ዘመን በሠፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ከሦስት አይበልጥም፣ የውጭ ቋንቋ የሚሰማ ሰው ደግሞ ጭራሽ አልነበረም። ፊልሞቹ በካሴት ይመጣሉ፤ ከታች የሚጻፍ ትርጉም የላቸውም። ስለዚህ አባዬ ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቀመጥና፣ የፊልሙ ሰዎች አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር በእኛ ቋንቋ ይናገርላቸዋል። ለወንድ፣ ለሴት፣ ለሽማግሌ፣ ግድ ከሆነ ለፈረስም ይናገራል።

ቪዲዮ ቤታችን የቀድሞ የሽንኩርት መጋዘን ነበር። ሽንኩርቱ ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ሽታው አልወጣም፤ ሰው ገና ፊልሙ ሳይጀመር ዓይኑን ያሻል። መስኮቶቹን እማዬ በብርድ ልብስ ትጋርዳቸዋለች። የቅዳሜና የእሑድ ከሰዓት ፀሐይ በብርድ ልብሱ ቀዳዳዎች ቀጭን ቀጭን ሆኖ ይገባና አቧራው ውስጥ ይቆማል። ካሴት ማጫወቻው ዴክ ሲሞቅ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። አግዳሚዎቹ ስልሳ ሰው ይይዛሉ፣ ተጠጋጉ ከተባለ ሰባ።

እኔ የምቀመጠው ከአባዬ እግር ሥር፣ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ነው። ከዚያ ሆኜ የማየው ፊልሙን ብቻ አልነበረም፤ የቴሌቪዥኑ ብርሃን ያረፈበትን የሰው ፊት ሁሉ አያለሁ። አባዬ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ስልሳ ሰው አብሮ ወደፊት ያዘነብላል። ሲጮህ ስልሳ ሰው አብሮ ይደገፋል። ይህን ሳይ በዓለም ላይ ከአባዬ የሚበልጥ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር፤ እውነቱን ልናገርና ዛሬም ብዙ አላገኘሁም።

አንድ ፊልም ቅዳሜም እሑድም ይታያል፣ እኔም ሁለቱንም ቀን አያለሁ። በዚህ ምክንያት ነው ማንም ያልደረሰበትን ነገር የደረስኩበት፤ የፊልሙ ሰዎች በሁለቱ ቀን አንድ ዓይነት ነገር አይናገሩም። ቅዳሜ «እናትህን በልጅነቷ አውቃት ነበር» ያለው ሽማግሌ፣ እሑድ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያንኑ ጣቱን እያወዛወዘ «ፈረሴን አልሰጥህም» ይላል። ቅዳሜ ተቀያይመው የተለያዩ እህትማማቾች እሑድ ተመራርቀው ይለያያሉ። በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ ያገኘሁት መልስ ይህ ነበር፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ። ካሴቱ ውስጥ ስለሚኖሩ እጅና እግራቸውን እንደ ልባቸው ማዘዝ አይችሉም፣ በተቀረጹበት መንገድ መሄድ ግዴታቸው ነው። አፋቸው ግን የራሳቸው ነው፤ በየቀኑ የመጣላቸውን ይናገራሉ። አባዬ ደግሞ የሚሉትን ሰምቶ ለእኛ የሚያቀብል ሰው ነው። ካሴቱን ከዴኩ ሳወጣ እንዳይደነግጡ ብዬ በሁለት እጄ ቀስ አድርጌ እይዘው ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። ወንጀሉ «ማፍሰስ» ይባላል። ላላየ ሰው የፊልም ምሥጢር ያወጣ ሰው «አፈሰሰ» ይባላል፤ ልማድ ያደረገው ደግሞ «አፍሳሽ» ነው። ካሴቱ ወደ ኋላ እስኪጠነጠን ድረስ አባዬ ማይኩን ጭኑ ላይ አሳርፎ ይፈርዳል።

«ጀግናው አይሞትም ማለት ማፍሰስ ነው?» ይሉታል።

«አይደለም። እሱን ከበር ሳትገቡ ታውቁታላችሁ።»

«ውሻው ይሞታል ማለትስ?»

«እሱ ማፍሰስም ነው፣ ጭካኔም ነው።»

«ማን እንደሆነ ሳይጠሩ፣ አንድ ሰው ይሞታል ማለትስ?»

«ግማሽ ማፍሰስ። የሰማው ሰውዬ ፊልሙን ሁሉ ሬሳ ሲፈልግ ይውላል።»

የፊልሙ ሰውዬ ገንዳ ውስጥ ሳይወድቅ ቀድሞ መሳቅም ማፍሰስ ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ቅዳሜ አይታ እሑድ ተመልሳ መጣችና፣ ቆንጆዋ ልጅ ገና ከባቡር ስትወርድ «እህህ» ብላ ተነፈሰች። አባዬ ፊልሙን አስቁሞ «ትንፋሽም ይፈሳል» አላትና የሚቀጥለውን ቅዳሜ ከለከላት። ሴትዮዋ ሳምንቱን ሙሉ እማዬ ዘንድ ይግባኝ ስትል ከረመች።

ግድግዳው ላይ በቀይ የተጻፈው ግን ከሁሉም የከበደው ነው። «የፊልም መጨረሻ ካየም ካላየም ጋር ማውራት ክልክል ነው» ይላል። ካላየ ጋርስ እሺ። ካየ ሰው ጋር ቢወራ ምኑ ይፈሳል? አንድ ቀን አባዬን ይህንኑ ጠየቅኩት። ማይኩን በጨርቅ እየጠቀለለ «መጨረሻ የተከበረ ነገር ነው ልጄ፣ አይወራም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፊልም መጨረሻ ሲቃረብ ሣጥኔ ላይ ተስተካክዬ፣ እጄን አጣምሬ መቀመጥ ጀመርኩ።

እውነቱን ካወቅሁ ቆይቻለሁ። የቅዳሜ ሰውና የእሑድ ሰው መንገድ ላይ ተገናኝተው መጨረሻውን ቢያወሩ፣ ከአንድ ፊልም ሁለት መጨረሻ ይወጣል። አባዬ በወጣትነቱ ወደብ ላይ ሁለት ዓመት ጭነት አውርዷል፤ «ከውጭ ሰው ጋር ሠርቷል፣ ቋንቋውን ያውቃል» የተባለው በዚያ ነው። ያወቀው ግን እስከ ሃያ መቁጠርና «ቀስ፣ ይሰበራል» ማለት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ቀን እንዲተረጉም ሲለምኑት «አልችልም» ለማለት አፍሮ ማይኩን ተቀበለ፤ ከዚያ በኋላ መውረጃው ጠፋው። ያለው ነገር ስሙ ብቻ ነው። ያ ስም ከወደቀ መጋዘኑ ወደ ሽንኩርቱ ይመለሳል፣ እሱም ከዚያ ሠፈር ቀና ብሎ አይሄድም።

እማዬ ታውቅ ነበር። በር ላይ ሆና ሰው የምታስገባው እሷ ናት፤ ደረቅ ሳልም ነበረባት። የሚገርመው ሳሉ የሚነሣባት ፊልም ሲታይ ብቻ ነው። ሽንኩርቱ ነው ብዬ ማርና ሎሚ በጥብጬ እሰጣታለሁ፤ «የኔ ሐኪም» ብላ ትጠጣዋለች። ለካ አባዬ ከግማሽ ሰዓት በፊት «ወንድሜ» ያስባለውን ሰው «አጎቴ» ሲያስብለው ነው የምትስለው። እሱም ወዲያው «አጎቴ ብዬ እስክጠራህ ያከበርኩህ ወንድሜ» ብሎ ይመልሰዋል። ሰው ያጨበጭባል።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት አዲስ የጥርስ ሐኪም ሠፈራችን መጥቶ ክሊኒክ ከፈተ። የታች ጥርሴ ሌሊቱን ሙሉ ሲወጋኝ አድሮ ስለነበር እማዬ ወሰደችኝ። ዶክተሩ ቀጭን፣ መነጽራም፣ እጁ ሳሙና ሳሙና የሚል ሰው ነው። አፌን በጥጥ ሞልቶት ሳለ ስልክ ተደወለለት፤ አንሥቶ ያወራ ጀመር። ሰማሁት። የፊልሙ ቋንቋ ነው። የሚያወርደው ደግሞ እንደ ፊልሙ ሰዎች ሳይደናቀፍ ነው። እማዬ ውጪ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስለነበር አልሰማችም።

ስልኩን ሲዘጋ «አባቴም ይችላል» ልለው ፈልጌ በጥጡ ምክንያት «አዋዌ ይላል» ሆነ።

«ምን አልሽ?» አለና ጥጡን አወጣልኝ።

«አባቴም ይችላል። ይኼንን ቋንቋ። እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው።»

«እንዲህ ነው?» አለ ደስ ብሎት። «እኔ እኮ እዚህ የሚያወራኝ ሰው አጣሁ ብዬ ነበር። የት ተማሩት?»

«የትም አልተማረም። ያውቀዋል። እሑድ ቪዲዮ ቤት ይምጡና ይስሙት።»

«እመጣለሁ» አለኝ፤ ጥርሴንም ነቀለው።

ቤት እንደደረስኩ ደም ያዘለውን ጥጥ ነክሼ ለአባዬ አበሠርኩት። «ዶክተሩ ቋንቋውን ይችላል፣ እሑድ ሊሰማህ ይመጣል» አልኩት። አባዬ የዴኩን ራስ በአልኮል እየጠረገ ነበር፤ እጁ እዚያው ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ። እማዬ እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ነጠላ ጫማዬን ከእግሬ አወለቀችልኝ። እኔ ደስታ መስሎኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የሚያወራው ያጣ ሰው በመጨረሻ ጓደኛ አገኘ፤ እንዴት አይደነግጥ?

ምሽት ላይ ወጥ ቤት ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«አመመኝ በል» አለች እማዬ።

«ይኼን እሑድ አመመኝ አልኩ፤ የሚቀጥለውንስ? ሰውየው ክሊኒክ ከፍቷል፣ አይሄድም።»

«በስድስት ዓመት አንድ ሰው እንኳን…»

«አንድ ሰው ነው የሚበቃው። እሱ አፉን ከከፈተ ሁሉ ነገር ፈሰሰ። ሰው ፊት በየት በኩል አልፋለሁ? ልጄስ ምን ትለኛለች?»

አልጋዬ ላይ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ለካ ዶክተሩ አፍሳሽ ኖሯል! በገዛ እጄ አፍሳሽ ጋብዤ ወደ ቤታችን ላስገባ ነው። እስከ እሑድ ድረስ ምግብ አልወረደልኝም። በመጨረሻ ግን መፍትሔ አገኘሁ፤ አስምለዋለሁ።

የዚያ ሳምንት ፊልም ድልድይ ነበረው። ቢጫ ጃንጥላ የያዘች ሴትና ባርኔጣ ያጠለቀ ሰው መጨረሻው ላይ ድልድይ ላይ ይገናኙና ረጅም ነገር ያወራሉ፤ ከዚያ ሰውየው ጃንጥላዋን ተቀብሏት አብረው ይሄዳሉ። እሑድ ዶክተሩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሲመጣ ከእማዬ ቀድሜ በሩን ዘጋሁበት።

«መጀመሪያ ይማሉ» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«የፊልሙን መጨረሻ ካየም ካላየም ጋር ላላወራ።»

«ካየም ጋር?» አለና መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። «በምን ልማል?»

አሰብኩ። «በጥርስዎ።»

እጁን አንሥቶ «በሠላሳ ሁለቱም ጥርሴ» አለና ማለ። እማዬ ዘወር ብላ ቆማ የመግቢያ ወረቀቶቹን ትቆጥር ነበር።

ዶክተሩ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ከኋላው ሠፈሩ ሁሉ «መጥረቢያው» የሚለው ሥጋ ሻጭ ነበር፤ ትከሻው የሁለት ሰው ቦታ የሚይዝ፣ በዚያ ዓመት ሚስቱን የቀበረ ሰው። አባዬ ጀመረ። ድምፁ ቀጥኗል። ገና በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ዶክተሩ በስሙ እንደተጠራ ሰው ቀና አለ። አባዬን አየ፣ ቴሌቪዥኑን አየ፣ እንደገና አባዬን አየ። እማዬ ሳለች። ትንሽ ቆይቶ ዶክተሩ ከንፈሩን ነክሶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እኔ እሱንም ጥርሱን ያመመው መሰለኝ። አባዬ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። አንዱን ሰው በሌላው ስም ጠራ፣ እማዬ ሳለች፤ እንደገና ተሳሳተ፣ አሁንም ሳለች። ማርና ሎሚው እንዳላዳናት አየሁ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ግን አባዬ ዶክተሩን ማየት ተወ። ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋና እዚያች ሴት ውስጥ ገባ። እንዲህ ነበር ያለችው፣ ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «አሥር ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስጽፍልህ ነበር። አንዱንም አልላክሁትም። ብልከው ትመጣለህ፤ ከመጣህ ደግሞ ስለ ደብዳቤው ብለህ ነው የመጣኸው።» ሰውየው «ታዲያ ዛሬ ለምን ጠራሽኝ?» አለ። እሷም «እጄ ስለደከመ ነው። ጃንጥላውን ያዝልኝ» አለችው።

ሰውየው ጃንጥላውን ያዘላት። መጋዘኑ ውስጥ ስልሳ ሰው ሳይተነፍስ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በክንዷ ትጠርጋለች። ዶክተሩ ቴሌቪዥኑን ማየት ትቶ አባዬን ብቻ ያያል፤ መነጽሩን አውልቆ ነበር። እጄን አጣምሬ ሣጥኔ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ያን ቀን በዕድሜዬ ከዚያ የሚበልጥ ነገር የማይ አልመሰለኝም።

ፊልሙ አለቀ። ሰው ሊነሣ ሲል አባዬ ማይኩን ሳያጠፋ ቆመ። «ዛሬ እንግዳ አለን» አለ። «ዶክተር ቋንቋውን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ያጠፋሁት ነገር ካለ እዚሁ ሰው ፊት ይናገሩልኝ። በኋላ በወሬ ከምሰማው…» ማይኩን ዝቅ አደረገው። በሩ ጋ የነበረችው እማዬ ቁጢጥ አለች።

የሚሰማው ካሴቱ ሲጠነጠን ብቻ ነው። መጥረቢያው ከኋላ ተነሣና አግዳሚውን ተሻግሮ ዶክተሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ያን ትልቅ እጁንም ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። እንዴት ያለ እንግዳ አክባሪ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ሁለት ሰዎች ደግሞ ሄደው በሩ ላይ ቆሙ።

ዶክተሩ መነጽሩን አጥልቆ ቆመ። «እኔ መግቢያው ላይ ምያለሁ» አለ፤ በጣቱም እኔን አሳየ። «ካየም ካላየም ጋር ላላወራ። በጥርሴ ነው የማልኩት፣ ለእኔ ደግሞ ጥርስ ቀልድ አይደለም።» ድምፁን ዝቅ አድርጎም ጨመረ፤ «ስለ ትርጉሙ ግን አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ያለ ተርጓሚ የትም አገር አላየሁም።»

መጋዘኑ በጭብጨባ ተናጋ። አባዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በጨርቁ ሸፈነ። አስምዬ የአፍሳሹን አፍ አስዘጋሁ ብዬ ያን ሳምንት ሠፈሩ ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት። ዶክተሩ ከዚያ በኋላ አንድም ቅዳሜ፣ አንድም እሑድ አልቀረም።

ቋንቋውን እኔ ዩኒቨርሲቲ ተማርኩት። ያንን ፊልም ፈልጌ አግኝቼ ለብቻዬ አየሁት። ባርኔጣ ያጠለቀው ሰው የቤት ደላላ ነው። ድልድዩ ላይ ሴትዮዋ የምትለው የገዛችው ቤት ጣሪያው እንደሚያፈስ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመፈረሟ በፊት በደንብ ማየት እንደነበረባት ያስረዳታል። ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳላስበው አለቀስኩ። ለአባዬ «አውቄያለሁ» አላልኩትም። እሱ ራሱ የነገረኝ እማዬ ካረፈች በኋላ ነው፤ ያኔ እጁን ያዝኩት።

አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከእኔ ጋር ይኖራል። ባለፈው ወር ከእንቅልፉ ተነሥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «እነዚያን ሰዎች አታለልኳቸው» አለኝ። «ይቅር በሉኝ ሳልላቸው ብሞት ይከነክነኛል። ማን ቀርቷል?» ዶክተሩ ሞቷል፣ ልብስ ሰፊዋም ሞታለች። መጥረቢያው ብቻ እዚያው ሠፈር ከልጁ ጋር ይኖራል። «ወደ እሱ ውሰጂኝ» አለኝ። ዓይኑን ሳየው የምሩን ነው። ሽማግሌው ተቆጥቶ ቢያዋርደውስ ብዬ ፈራሁ፤ ስለዚህ ጠዋት ሥራ አስፈቅጄ ብቻዬን ቀድሜ ሄድኩ።

መጥረቢያው በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ትከሻው አሁንም የሁለት ሰው ነው፣ እግሩ ግን ተሸንፏል። ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ያዝኩና ሁሉንም ነገርኩት። «ጋሼ፣ አባቴ ቋንቋውን አያውቅም ነበር። ከሰዓት መጥቶ ይቅርታ ሊጠይቅዎት ነው። እባክዎ እንዳይቆጡት» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ ይኼን ልትነግሪኝ ነው ከዚያ ድረስ የመጣሽው?» አለኝ።

«ያውቁ ነበር?»

«ማን የማያውቅ ነበር?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እናንተንም አታልያችኋለሁ መሰለኝ፤ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ መጨረሻ መጨረሻው አልነበረም። እኔም ያን ጠዋት ነው የሰማሁት።

«ሚስቴን የቀበርኩ ሳምንት» አለ መጥረቢያው፣ «ቤት መቀመጥ አቃተኝና እሑድ ቪዲዮ ቤት መጣሁ። ፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት መስኮት ላይ ቆማለች። አባትሽ አየኝ። ከዚያ ሴትዮዋ ‹ራትህን ሳትበላ እንዳትተኛ፤ እኔ አለሁ› አለች። አፏን አየሁት። አፏ ተዘግቷል። ምንም አልተናገረችም፤ ዝም ብላ ነው የቆመችው። ቤቴ ገብቼ ራቴን በላሁ። በስምንት ቀኔ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?»

«ቅዳሜ አንድ ነገር፣ እሑድ ሌላ ነገር፤ ስልሳ ሰው ደንቆሮ መሰለሽ? ሁለቱንም ቀን የምንመጣው ለምን ይመስልሻል? እርስ በርሳችን እንኳን አናወራውም ነበር። ከተወራ አንድ ቀን ጆሮው ይገባል፣ ጆሮው ከገባ ማይኩን ያስቀምጣል። ያ ሐኪም የመጣ ቀን ሠፈሩ ሁሉ እንቅልፍ አልነበረውም። ትከሻውን የያዝኩት ለምን ይመስልሻል? አፉን ለክፉ ቢከፍት የራሱን ጥርስ ራሱ ሲተክል ይከርም ነበር።»

«ዛሬ ይንገሩት» አልኩ። «እንደምታውቁ ቢያውቅ ያርፋል። ጸጸቱ ይለቀዋል።»

ዱላውን ከጎኑ አነሣ። «ያርፋል» አለ። «ግን አንድ ሁለት ዓመት አይደለም፣ ሃያ ዓመት ነው የተናገረው። በየሳምንቱ እየፈራ፣ እየላበው፣ ማንም ሳይነቃበት ተወጣሁት እያለ ነው ቤቱ የሚገባው። ያንን ልቀማው? አንቺ አምጪው ብቻ።»

ከሰዓት ወሰድኩት። አባዬ ኮቱን ለብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ሞቱት ተጠያየቁ። ከዚያ አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ የማስቸግርህ ነገር ነበረኝ» አለ። «ቋንቋውን አላውቅም ነበር።»

«የቱን ቋንቋ?» አለ መጥረቢያው።

«የፊልሞቹን።»

«እንዴት? ትተረጉም አልነበር?»

«ከራሴ ነው የምናገረው። አንድ ቃል አይገባኝም ነበር።»

መጥረቢያው የያዘው የውሃ ብርጭቆ ዘንበል አለና ውሃው ሱሪው ላይ ፈሰሰ። አልጠረገውም። «ሁሉንም?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሁሉንም።»

«ያቺንም? መስኮት ላይ የነበረችውን?»

አባዬ አንገቱን ደፋ። «እሷንም። ይቅር በለኝ።»

የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። መጀመሪያ አላመነም፤ ከዚያ ተቆጣ። «ሃያ ዓመት» አለና በዱላው ወለሉን መታ፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። ጠዋት ያናገርኩት ሰው መሆኑ ጠፋኝ፤ በእውነት የተቆጣ መስሎኝ ልነሣ ነበር። አባዬ የኮቱን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል። መጥረቢያው ብዙ አስጠበቀው። በመጨረሻ ዞረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ እሱ የውሸት አልነበረም።

«እንኳን መጣህ» አለው። «እንኳንም ሳትሞት ነገርከኝ። ይቅር ብዬሃለሁ።»

አባዬ ተንበርክኮ እግሩን ሊይዝ ሲል ሁለታችንም ደግፈን አስነሣነው። መጥረቢያው በአባዬ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ። የአባዬን ኮት አራገፍኩለት።

ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ መኪናው ውስጥ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነፋሱን ይጠጣል። ዕድሜው በአሥር ዓመት የቀነሰ ይመስላል። ቤት ልንደርስ ስንል በድንገት እንደ ልጅ ሳቀ።

«ፊቱን አየሽው?» አለኝ። «ውሃውን ሲደፋ አየሽው? ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳን አልጠረጠረም።»

«አንድ ቀን እንኳን፣ አባዬ» አልኩት።